የንግድ ፎቶግራፎችን ስለ መጠበቅና ስለ ፕሮግራም አመራረጥ

በአሁኑ ዘመን ፎቶግራፍ ለነጋዴ እንደ ደረሰኝና እንደ ደብዳቤ ያለ የሥራ ሰነድ ሆኗል። ከወሎ ቆላ ማሾ ሰብስቦ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ የናሙናውንና የጆንያውን ፎቶግራፍ ለገዢው ያሳያል፤ አስመጪውም ሸቀጡ በመንገድ ተሰብሮ ወይም ርሶ የደረሰ እንደ ሆነ ለመድን ድርጅት የሚያቀርበው ማስረጃ ይኸው ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ላይ በሐይቅና በአምባሰል ውጫሌ ሱቅ የከፈተውም አዲስ የገባውን ጨርቅና ጫማ በቴሌግራም ለደንበኞቹ ይልካል። ይሁን እንጂ የፎቶግራፉ ብዛት እልፍ በደረሰ ጊዜ የሚፈለገው አንዱ አይገኝም። ገዢው «ያለፈው ዓመት ማሾ ይህን አይመስልም ነበር» ብሎ በጻፈ ጊዜ መልሱ በእጅ ስልክ ውስጥ ከሠርግና ከልደት ሥዕሎች ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ብዙዎች ነጋዴዎች ለዚህ ሥራ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሹ አስቀድመው የሚጠይቁት ሥዕሉን አሳምሮ የሚያወጣው የትኛው እንደ ሆነ ነው። ለነጋዴ የሚጠቅመው ፕሮግራም ግን እንደ መጋዘን ጠባቂ ሊመረጥ ይገባዋል። መጋዘን ጠባቂ የሚመሰገነው የገባውን በመመዝገብ፣ የተጠየቀውን ፈጥኖ በማውጣትና ሲሰናበት መዝገቡን ከነቍልፉ በማስረከብ ነውና።

ለዚህ ምሳሌው ከሐይቅ ሳይርቅ ይገኛል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅርስ የሆነው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ይህ ወንጌል ፎቶግራፍ ተነሥቶ 1832 የሚል ቍጥር ተሰጠው። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበርም የመጽሐፉን ይዘት የሚገልጽ ዝርዝር አዘጋጁ። ስለዚህ ዛሬ ተመራማሪው ቍጥሩን ጠቅሶ የሚሻውን ያገኛል። ቍጥር፣ መግለጫና በሁለት ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፤ ለነጋዴም የሚያስፈልጉት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

እንግዲህ ፕሮግራም ሲመረጥ አስቀድሞ መመርመር ያለበት መግለጫው ከፎቶግራፉ ጋር አብሮ የሚጓዝ መሆኑ ነው። የደንበኛው ስም፣ የዕቃው ዓይነትና የደረሰኙ ቍጥር በፕሮግራሙ መዝገብ ብቻ የተጻፉ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ የቀረ ቀን አብረው ይቀራሉ። ጉግል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 የገዛውና በነጻ ያደለው ፒካሳ ብዙ ሰው ከለመደው በኋላ በ2016 ተቋርጧል። ዲጂካም የተባለውን ፕሮግራም ግን መግለጫውን በራሱ በፎቶግራፉ ፋይል ውስጥ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል።

ሁለተኛው ዋጋው ነው። አዶቤ ላይትሩም ለሙያው የተመሰገነ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የሚገኘው በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ያየ ነጋዴ በዶላር የሚታሰብ የማያቋርጥ ዕዳ ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል። ኢርፋንቪውም ለቤት አገልግሎት በነጻ ቢሰጥ ለንግድ ሥራ ይከፈልበታል፤ ስለዚህ የፈቃዱን ቃል ማንበብ ይገባል። ዲጂካም፣ ዳርክቴብልና ጊምፕ ለነጋዴም ቢሆን ያለ ክፍያ የተፈቀዱ ናቸው፤ ጕድለታቸው ኮምፒዩተርና ጥቂት የልምምድ ቀናት መጠየቃቸው ነው።

ሦስተኛው ጕዳይ የፊደልና የዘመን አቈጣጠር ነው። የከተማው ስም በአንዱ ጸሐፊ «ሐይቅ»፣ በሌላው «ሀይቅ»፣ በሦስተኛው «ኃይቅ» ተብሎ ቢጻፍ ኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊቈጥራቸው ስለሚችል በአንዱ የተፈለገው በሌሎቹ የተጻፈውን ላያወጣ ይችላል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አጻጻፍ ተቈርጦ ዝርዝሩ በጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ። እንደዚሁም ካሜራው 2024-11-14 ብሎ የመዘገበው ቀን በደረሰኙ ላይ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነውና ሁለቱም ቀናት በመግለጫው መጻፍ አለባቸው።

አራተኛው ዋናውን ሥዕል ሳይነኩ መጠበቅ ነው። ዳርክቴብልና ላይትሩም የተደረገውን ማስተካከያ ለብቻው መዝግበው ዋናውን እንደ ነበረ ይተዉታል። ብርሃኑን ማስተካከልና የተዛባውን ማቅናት የተገባ ነው፤ የደበዘዘውን ማሾ አረንጓዴ አስመስሎ መላክ ግን በሚዛን ላይ ጣት እንደ መጫን ይቈጠራል። ሸቀጡ የደረሰ ዕለት ሐሰቱ ይገለጣል፤ የሚጐዳውም የአንዱ ላኪ ስም ብቻ ሳይሆን የአገሩ ማሾ ስም ነው። በቴሌግራምም ማስረጃ የሚሆነውን ሥዕል እንደ ተራ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ መላክ ይሻላል፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ካሜራው የመዘገበውም ቀን ይጠፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅጂ ነው። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ንብረት ተዘርፏል፤ በአንድ ክፍል ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ከክፍሉ ጋር እንደሚጠፋ ከዚህ በላይ አስተማሪ አያስፈልግም። አንድ ቅጂ በሱቁ፣ አንዱ በሌላ ከተማ በሚታመን ሰው ዘንድ በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ ሦስተኛውን በኢንተርኔት ማኖርም መልካም ነው። ሆኖም ጉግል በነጻ የሚሰጠው ቦታ በ15 ጊጋባይት የተወሰነ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ድካም ለትንሽ ሱቅ ምን ይረባል ይሉ ይሆናል። በእርግጥ ጥቂት መቶ ፎቶግራፍ ብቻ ላለው ባለሱቅ በዓመትና በወር የተከፈለ ማኅደር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ላለው ግን ገንዘብም ሆነ ጊዜ ሳያወጣ ፕሮግራሙን የሚፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። አንድ መቶ ፎቶግራፍ ያስገባ፣ መግለጫቸውን በአማርኛ ይጻፍ፣ ከዚያም ፋይሎቹን ብቻ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ገልብጦ በሌላ ፕሮግራም ይክፈታቸው። መግለጫው አብሮ ከተገኘ ፕሮግራሙ የታመነ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ካልተገኘ ግን ሥዕሉን የቱንም ያህል ቢያሳምር የነጋዴን ሰነድ አደራ ሊሰጡት አይገባም።