የሌሊት አስታማሚ

ዛሬ የምናነሣው ብዙ ባለትዳሮች ሳይዘጋጁበት የሚገጥማቸውን ጉዳይ ነው። የትዳር ጓደኛችሁ ሆስፒታል ሲተኛ ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ እንዴት ታድራላችሁ?

በቀን ጠያቂው ብዙ ነው። ኅብረቱ ይመጣል፤ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል። ሲመሽ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ የሐኪሞችና የነርሶችም ቁጥር ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት፣ በአሜሪካ ከ500 በላይ በሆኑ ሆስፒታሎች ውስጥ ተኝተው ሳለ ልባቸው የቆመ ከ86,000 በላይ ሕሙማንን ተመልክቷል። በቀንና በማታ ልባቸው ከቆመው ከመቶ 20 ያህሉ ድነው ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነባቸው ግን የዳኑት 15 ያህሉ ብቻ ናቸው።

የትንፋሽም ነገር እንዲሁ ነው። ሕመምተኛው መተንፈስ ሲያቅተው ሐኪሙ በአፉ በኩል ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው ያስገባል። ይህም ልምድ ያለው እጅ፣ ረዳትና የተሟላ መሣሪያ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ የወጣ አገር አቀፍ ሪፖርት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከደረሱት ከባድ የአየር ቧንቧ አደጋዎች ግማሽ ያህሉ ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ውጭ እንደነበሩ ገልጿል። አንጎል ደግሞ ያለ ኦክስጅን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገሥም።

እንግዲህ አስታማሚ ምን ያድርግ? ሐኪም ሁኑ የሚላችሁ የለም፤ ነቅታችሁ ማየት ግን ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ ልብ ከመቆሙ ከሰዓታት በፊት ትንፋሽ ይለወጣል። እንደ ወትሮው ያልሆነ ማንኮራፋት፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚንቆረቆር ድምፅ፣ መፍጠን፣ ንግግሩን መጨረስ አለመቻል፣ መቃዠት፣ ሲጠሩት አለመንቃት ወይም የከንፈር መጥቆር ካያችሁ ወዲያው ነርሷን ጥሩ። ለሚያንቀላፋ ሕመምተኛ ውኃም ሆነ አጥሚት በአፉ አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ኦክስጅኑም ከፊቱ ላይ ከወለቀ ተናገሩ።

“እስኪነጋ ልታገሥ” የሚለው ቃል ብዙ ጎድቶናል። በተለይ እኛ ሴቶች ይሉኝታ ይይዘናል፤ “ነርሷ ብትቆጣስ?” እንላለን። እህቴ ሆይ፣ ቁጣው ያልፋል፤ ያለፈው ደቂቃ ግን አይመለስም። ጸሎትም ቢሆን ነርስ ከመጥራት አያግድም፤ እየጸለያችሁ ጥሩ። ሲመሽም ተረኛው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለጠያቂዎችም አንድ ቃል አለኝ። ሦስት ሌሊት ያልተኛች ሚስት የባልዋን ትንፋሽ መለወጥ ላትሰማ ትችላለች። በቀን ከምትመጡት አሥር ሰዎች ሁለታችሁ ሌሊቱን ብትካፈሏት፣ ከያዛችሁት ብርቱካን ይበልጥ ትረዷታላችሁ።