ኢፍጣርን በመናፈሻ መጠበቅ

በኢንዶኔዥያዋ ጃካርታ፣ በረመዳን ከአስር ሶላት በኋላ፣ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ። የኢፍጣርን ሰዓት እየተናፈሱ የመጠበቁ ልማድ «ንጋቡቡሪት» ይባላል። ከሚዘወተሩት ስፍራዎች አንዱ 132 ሜትር ከፍታ ያለው የሞናስ ሐውልት የቆመበት የመርደካ አደባባይ መናፈሻ ነው። ሐውልቱ ላይ ለመውጣት ትኬት ይቆረጣል፤ በዛፎቹ ጥላ ሥር ለመንሸራሸር ግን ክፍያ የለም። በ1978 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ታላቁ የኢስቲቅላል መስጊድም ከጎኑ ስለሆነ ለመግሪብ ሶላት ሩቅ አይኬድም።

ችግሩ እንዲህ ያለው ስፍራ ማነሱ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ ሕግ ከከተማ ስፋት 30 በመቶው አረንጓዴ ቦታ እንዲሆን ያዛል፤ ጃካርታ ግን ከዚህ እጅግ ርቃ ትገኛለች። መሬቱ ውድ ነው፤ ሕንፃዎችና የገበያ ማዕከላት ይሻሙበታል። በገበያ ማዕከል ተቀምጦ ማፍጠር ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። በጠባብ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ የሚቀረው ነፃ መናፈሻ ነው፤ ሀብታሙና ድሃው አንድ አዛን ሰምተው ጎን ለጎን ቴምር የሚቀምሱትም እዚያ ነው። ስለዚህ መናፈሻ የሚያቅድ ከተማ ሁሉ ከውበቱ እኩል ማን ሊገባበት እንደሚችል ሊያስብ ይገባል።