«በኢንሹራንስ ነው ወይስ በራስዎ?»

የተጋጨ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ጋራዥ የገባ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው። «ጋሼ፣ በኢንሹራንስ ነው ወይስ በራስዎ?» ባትላሜራው ይህን የሚጠይቀው ለወሬ ያህል አይደለም። ከመልሱ ጋር ዋጋውም፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀንም፣ አንዳንዴም የሚገጠመው ዕቃ ዓይነት ይለወጣል። ባለመኪናው ግን ብዙውን ጊዜ ሳያሰላ ነው የሚመልሰው። «ይህን ሁሉ ዓመት አረቦን ስከፍል ኖሬ አሁን ደግሞ ከኪሴ ላወጣ ነው እንዴ?» ይልና ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ያቀናል።

ንዴቱ የሚገባ ነው፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ከዚህ ቀደም የተከፈለ አረቦን ባለፈው ጊዜ ለነበረው ሥጋት የተከፈለ ዋጋ ነው። ካሳ ተጠየቀም አልተጠየቀም ተመልሶ አይመጣም። መታየት ያለበት ከዛሬ ወዲያ የሚገባውና የሚወጣው ብር ብቻ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ግዴታ የሆነውና ኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተተካው የሦስተኛ ወገን መድን የራስን መኪና አያሠራም። የሚሸፍነው በሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው፣ ያውም በተወሰነ ጣሪያ። ምርጫው የሚመለከተው እንግዲህ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የገባውን ሰው ነው።

እንበል አንድ የመርካቶ ነጋዴ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቶዮታ ኮሮላ አለው። የአረቦኑ መጣኔ 2.5 በመቶ ቢሆን የዓመቱ ክፍያ 50,000 ብር ነው። ሰውየው ለተከታታይ ዓመታት ካሳ ባለመጠየቁ 30 በመቶ ቅናሽ፣ በተለመደው አነጋገር «ቦነስ»፣ አግኝቶ 35,000 ብር ይከፍላል። በውሉ መሠረት ደግሞ ከእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያውን 10,000 ብር ራሱ ይችላል፤ ኢንሹራንሶች «ኤክሰስ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ በመሆናቸው እያንዳንዱ በራሱ ውል ላይ ባሉት ሊተካቸው ይችላል።

አንድ ቀን የፊት ፓራውልቱና አንድ መብራቱ ተሰበሩበት፤ ጋራዡ 28,000 ብር ጠየቀ። ኢንሹራንሱ 10,000ውን ቀንሶ 18,000 ብር ይሰጠዋል። መልካም ይመስላል። ነገር ግን ካሳ በጠየቀ ጊዜ ቦነሱ ይነሳል። በሚቀጥለው ዓመት በ35,000 ፈንታ 50,000 ይከፍላል፤ በየዓመቱ 10 በመቶ እየተመለሰለት ቢሄድ በሁለተኛው ዓመት 45,000፣ በሦስተኛው 40,000 ይሆናል። ልዩነቱ ሲደመር 30,000 ብር ነው። ይኸውም 18,000 ብር ተቀብሎ 30,000 መለሰ ማለት ነው። ለዚህ ነጋዴ ኢንሹራንስ መጠየቅ የሚያዋጣው የጥገናው ዋጋ ከ40,000 ብር ሲያልፍ ነው።

የዛሬ ብርና የሦስት ዓመት በኋላ ብር እኩል አይደሉም የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። የገንዘቡ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ይወርዳል ተብሎ ቢሰላ፣ የሚታጣው ቦነስ በዛሬ ዋጋ ወደ 22,300 ብር ዝቅ ይላል፤ ድንበሩም ወደ 32,000 ብር ይወርዳል። ይሁን እንጂ አረቦን የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ የመኪና ዋጋ በናረ ቁጥር የሚታጣው ቦነስም አብሮ ይንራል። በመሆኑም ድንበሩ ከ40,000 ብዙም የሚርቅ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚረሳው ቀን ነው። የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ይቀርባል፤ የኢንሹራንሱ ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን ያያል፤ ጋራዦች ዋጋ ያቀርባሉ፤ ከዚያም የማጽደቂያው ፊርማ ይጠበቃል። የተቀየረው አሮጌ ዕቃም ተመላሽ ይደረጋል። የቤት መኪና ከሆነ ይህ መሰልቸት ነው። ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ከሆነ ግን የቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ ነው፤ መደበኛው ውል ደግሞ የታጣ ገቢን አይክስም። በቀን የተጣራ 2,000 ብር የሚያስገባ መኪና በኢንሹራንስ ምክንያት ተጨማሪ 10 ቀን ቢቆም 20,000 ብር ሄደ። ቀደም ብሎ የተጠቀሰው ድንበር በአንድ ጊዜ ወደ 60,000 ብር ከፍ አለ ማለት ነው።

በራሱ የሚያሠራ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። ፓራፋንጎው በአዲስ ከሚቀየር ተቀጥቅጦ እንዲስተካከል መምረጥ ይችላል፤ ወይም ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ዕቃ ይፈልጋል። እዚያ ግን ደረሰኝ መጠየቅ አይከፋም። የራሱን ስፖኪዮ መልሶ የገዛ ሰው ወሬ ከከተማው ጠፍቶ አያውቅም።

«ከኪስ መክፈል» የማይሠራበት ቦታም አለ። ሰው ከተጎዳ ምርጫ የለም፤ ለፖሊስም ለኢንሹራንሱም ወዲያው መታወቅ አለበት። ሌላ መኪና ከተነካም መንገድ ዳር «እንስማማ» ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ አደገኛ ነው። 15,000 ብር ተቀብሎ የሄደው ሰው በሳምንቱ «ሻንሲውም ተጣሟል» ብሎ ቢመጣ፣ ኢንሹራንሱ በጊዜው አልተነገረኝም፣ ያለፈቃዴም ጥፋት ታምኗል ብሎ ሊያፈገፍግ ይችላል። የሚሻለው በመጀመሪያ በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ካሳ መጠየቅ አለመጠየቁን ደግሞ የጥገናው ዋጋ ከታወቀ በኋላ መወሰን ነው። ጥፋተኛው ሌላው ሾፌር ከሆነም የራስን ቦነስ ከማቃጠል በፊት የእርሱን የሦስተኛ ወገን መድን መጠየቅ ይቀድማል።

ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው ግን ፓራውልቱ ላይ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መታገዱም ከተማ ውስጥ ያሉትን መኪኖች ዋጋ ወደ ላይ ገፋ። ሆኖም ውሉን በድሮው ዋጋ እያሳደሰ የሚሄድ ባለንብረት ጥቂት አይደለም፤ አረቦኑ እንዳይጨምርበት ነው።

በብዙ ውሎች ላይ ያለው አሠራር እንዲህ ነው። 2.4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1.2 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ኢንሹራንሱ የሚሸከመው የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ነው። 300,000 ብር የሚያስወጣ ግጭት ቢደርስ 150,000 ይታሰባል፣ ከዚያም ኤክሰሱ ይቀነሳል፤ 160,000 ብር በባለንብረቱ ላይ ይቀራል። ለ18,000 ብር ቢሮ ለቢሮ የሚመላለሰው ሰው ይህን ቀዳዳ ክፍት ትቶ ነው።

ስለዚህ የሚያዋጣው ግልባጩ ነው። ኤክሰሱ ከፍ እንዲል ተስማምቶ የአረቦን ቅናሽ መጠየቅ፣ በተረፈው ብር የመኪናውን ዋጋ ወደ ወቅቱ ገበያ ማሳደግ፣ ትንንሹን ጭረት ደግሞ በኪስ መቻል። አምስትና ስድስት አይሱዙ ያለው ነጋዴ ለጥገና የተለየ ሒሳብ ቢከፍት ብዙ አይከብደውም። አንድ መኪና ብቻ ያለው፣ ያውም በባንክ ብድር የገዛ፣ ኤክሰሱን ሲያሳድግ ያንን ገንዘብ በአንድ ቀን ማግኘት እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ኢንሹራንሶቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ኩባንያዎች ገብተው ደንበኛው አማርጦ የሚገዛበት ገበያ ተፈጥሯል። ውሉ ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ የማደሻው ወረቀትም የሚከፈለውን ድምር እንጂ አንድ ካሳ ቢጠየቅ ቦነሱ ወደ ስንት እንደሚወርድ አይናገርም። ባለመኪናው በማደሻው ወር ኤክሰሱን፣ የተመዘገበውን የመኪና ዋጋና ይህንኑ የቦነስ መውረጃ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሁለቱ ውሉ ላይ ሰፍረው ይገኛሉ፤ ሦስተኛውን ወኪሉ በቃል ብቻ ከመለሰ፣ እስኪጻፍ ድረስ አለመፈረም የደንበኛው መብት ነው።