ጠያቂ አለን፤ ሸኚ የለንም

የሰው ልጅ ታመመ ሲባል የእኛ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። አንዱ ከፌርፋክስ ምግብ ቤቶች እንጀራና አልጫ ያስጠቀልላል፣ ሌላዋ አጥሚት ሠርታ በፔርሙዝ ትመጣለች፣ የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል በዘመድና በጎረቤት ይሞላል። ልጁ ድኖ ቤቱ ሲገባ ደግሞ «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» የሚለው ይጎርፋል። በዚህ ባህላችን እኮራለሁ። ግን ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤቱ በር ያለውን መንገድ ወላጆች ብቻቸውን ነው የሚወጡት። የኛ የተማሪዎች ድርሻ እዚያ መንገድ ላይ ነው እላለሁ።

ሎስ አንጀለስ ከባድ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት። ስለዚህ ከሩቅ ልጅ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከላስ ቬጋስም ጭምር። ወደዚያ መመለሻው 270 ማይል ያህል ነው። ኢንተርስቴት 15ን ይዞ፣ ካሆን ፓስን ወጥቶ፣ የሞሃቪን በረሃ አቋርጦ፣ ባርስቶውንና ቤከርን አልፎ ነው የሚደረሰው። መንገድ ካልተዘጋጋ አራት ሰዓት ይፈጃል።

ባለፈው ሐምሌ አክስቴና ባሏ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው በዚህ መንገድ ተመለሱ። ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር። አስተርጓሚ አልተጠራም። ነርሷ ሁሉን ነገር ያስረዳችው እንግሊዝኛ ለምትችለው ለአሥራ አንድ ዓመቷ እህቱ ነው። ባርስቶው ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆሙ ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ የማስታገሻው ሰዓት ደርሷል አልደረሰም የሚለውን ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ይሄ በስንት በስንት ሰዓቱ ነው? ከሌላኛው ጋር አብሮ ይሰጣል?»

እኔ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። የወረቀቱን ፎቶ አስልኬ፣ ግርጌው ላይ ወዳለው የነርሶች ስልክ ደውዬ አክስቴን አገናኘኋትና የአማርኛ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ እንዲገባ ጠየቅኩ። አስተርጓሚው በደቂቃዎች ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ ከሰዓት በስልክ የተገኘ ሰው ጠዋትም ሊገኝ ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማትን ይመለከታል፤ የ2010ሩ የጤና ሕግም አንቀጽ 1557 እንዲሁ። እንዲህ ያለ ሆስፒታል እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ቤተሰብ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎምም አይፈቀድም። ብዙ ወላጆቻችን ግን ይህን አያውቁም፤ የሚያውቁትም «ሰው እንዳናስቸግር» ብለው ይተዉታል።

ሌላም ነገር አለ። የደረት አጥንቱ ተከፍቶ የተሠራለት ሕፃን ለስድስት ሳምንት ያህል በብብቱ ተይዞ አይነሣም። አንድ እጅ ከመቀመጫው፣ ሌላው ከጀርባው ሥር ገብቶ ነው የሚታቀፈው። የእኛ ሰው ደግሞ ልጅ ሲናፍቀው በብብቱ ብድግ አድርጎ ነው የሚስመው። ቤት የሚጠብቀው አጎት አስቀድሞ ካልተነገረው በፍቅሩ ልጁን ይጎዳዋል።

አገር ቤት ልጁን ከጎንደር ወይም ከወሎ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ያመጣ አባት አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ ይፈልጋል። ያ ዘመድ ሲመለሱ እስከ መናኸሪያ ይሸኛቸዋል፣ ዕቃ ይይዝላቸዋል፣ አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስም አይሄድም። እኛ እዚህ መጠየቁን ይዘን መሸኘቱን ጥለነዋል።

ማኅበራችን ይህን ሊመልስ ይችላል። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከመውጫው ቀን በፊት አንድ ተማሪ ለወላጆቹ ደውሎ አስተርጓሚ እንዲጠይቁ፣ መድኃኒቱንም ፍሪዌይ ከመግባታቸው በፊት ከፋርማሲ እንዲወስዱ ያስታውሳቸው። የሕክምናውን ነገር እኛ አናስተርጉም፤ ሰዓት ወይም መጠን አሳስተን ብንናገር የሚጎዳው ሕፃኑ ነው።

ሁለተኛ፣ እንሹፍር። ስንት ሌሊት ወንበር ላይ ያደረ አባት በረሃ ማቋረጥ የለበትም፤ እናትም ከኋላ ከልጇ አጠገብ መቀመጥ አለባት። ሁለት ተማሪዎች ከሄዱ አንዱ የቤተሰቡን መኪና ይነዳል፣ ሌላው በራሱ መኪና ይከተላል፣ ከዚያ ተያይዘው ይመለሳሉ። ኢንሹራንሱ ሌላ ሹፌር ይሸፍን እንደሆነ ግን ቀድሞ ይጣራ።

ሦስተኛ፣ ቤት ለሚጠብቁት ይደወል፤ ልጁ እንዴት እንደሚታቀፍ፣ ማን መቼ መጥቶ እንደሚጠይቅ ይነገራቸው።

«ገመናችንን ሰው ይወቀው?» የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ፤ እውነት አላቸው። ሹፌር ግን የበሽታውን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፣ አድራሻና የመነሻ ሰዓት ይበቃዋል። «ፈተና አለብን» የምትሉም እውነት አላችሁ። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ሠላሳ ስም ካለን ለአንዳችን የሚደርሰን በዓመት አንድ ቅዳሜ ቢሆን ነው።

ከኦሎምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለው የፌርፋክስ ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ከተባለ ከ2002 ወዲህ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ወገን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚያ ሰፈር ነው። ስለዚህ የሸኚዎቹ ስልክ ቁጥር በዚያ ባሉ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በሚቀጥለው ስብሰባ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። መንጃ ፈቃድ ያላችሁ እስክሪብቶ አትርሱ።