የጥርስ ሐኪም የሚማረው ለማን ነው?



በዚህ ሰሞን በምግብ አዳራሹም በቤተ መጻሕፍቱም የሚሰማው ክርክር አንድ ነው፤ የጥርስ ሕክምና ለመማር አዲስ አበባ ይሻላል፣ ጎንደር ወይስ ጅማ? መመዘኛቸው ምን እንደ ሆነ ጠጋ ብዬ አዳመጥሁ። አንዱ ስለ ከተማው ኑሮ ያወራል። ሌላው የየትኛው ዲግሪ ውጭ አገር ቶሎ ተቀባይነት እንደሚያገኝ ያሰላል። ሦስተኛው የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጨርስ ራሱን የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት አድርጎ ሾሟል። ተማሪው ከመመረቁ በፊት በገዛ እጁ ስንት ጥርስ ይነቅላል፣ ስንትስ ይሞላል ብሎ የጠየቀ ግን አንድ እንኳ አልሰማሁም!

እስቲ ክርክሩን ወደ ላስታ እንውሰደው። ከላሊበላ በስተ ሰሜን፣ ከብልባላ ወዲያ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። ተሳላሚው በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የዛጉዌ ንጉሥ ቤተ ክርስቲያን አይቶ፣ ተደንቆ ወደ አገሩ ይመለሳል። ገበሬው ግን እዚያው ነው። እንደ ሌላው የገጠር ወገናችን ጥርሱን ሲያመው ቅርንፉድ ይነክሳል፣ ጠበል ይጠጣል፤ ሲብስበት ጉጠት ወደ ያዘው ነቃይ ይሄዳል። በብዙው ገጠራችን ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ገና ያልበቀለው ጥርሱ ከድዱ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉ ይቆረጣል።

በጥርስ ማን ይሞታል የሚል ካለ፣ የታችኛው መንጋጋ መግል ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሲዘጋ መምህራኑን ይጠይቅ። ኖማንም ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሽታ ችላ ከተባሉት የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። በምግብ እጦት የተጎዳ ሕፃን ድድ ይቆስላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በአፍ ማጠቢያ፣ በአንቲባዮቲክና በተመጣጠነ ምግብ ይድናል። ካልታከመ ግን ከ100 ሕመምተኞች 90 ያህሉን ይገድላል፤ የቀሩትንም ጉንጫቸውን በልቶ ይተዋቸዋል። እንግዲህ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚጣደፈው ወንድማችን በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያገኘው እነዚህን የተረፉትን ነው። ሌሎቹን ሊያድን ይችል የነበረው ድድ አይቶ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እርሱም በወረዳው የለም።

«ያለ መብራት፣ ያለ ኮምፕሬሰር ምን ልሥራ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ መብራት የሌለው የጥርስ ወንበር ወንበር ብቻ ነው። ነገር ግን ድድ ለማየትና በንጹሕ መሣሪያ ጥርስ ለመንቀል ኮምፕሬሰር አያስፈልግም። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ለገጠር የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን ለማውጣት እንጂ ሁሉ ነገር እስኪሟላ ለመጠበቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ዓመት ሙሉ አውራጃ ለአውራጃ አሰማርቶታል።

ለስፔሻሊቲ መዘጋጀት ማለትም የዐምናን የመግቢያ ፈተና ጥያቄ አባዝቶ መሸምደድ ሆኗል። በወረዳ ሁለት ዓመት የሠራው ሐኪም ሌሊቱን ሙሉ ከሸመደደው ባነሰ ነጥብ ይቀራል። መምህራን ይህን እያያችሁ ለምን ዝም ትላላችሁ?

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ለሦስቱም ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ይጻፍ፦ ስንት ወንበር ይሠራል? አንድ ተማሪ ስንት በሽተኛ ያክማል? ስንት ሳምንት ከከተማ ውጭ ይሠራል? ያልመለሰውን ትምህርት ቤት ስም በሚቀጥለው እትም እናውጣ።