የአባታችንን ውርስ ማጣራት ለወራሾች እንዲመለስልን የቀረበ አቤቱታ

ለተከበረው የውርስ ጉዳዮች ችሎት

አመልካቾች፦ የሟች ባለቤትና አራት ልጆች

አባታችን በኅዳር 2013 ዓ.ም. ያለ ኑዛዜ ዐረፉ። እኛ ልጆቻቸው በሱቆቹ ኪራይ ሳንግባባ ስለቀረን ችሎቱ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ከወራሾች ውጪ የሆኑ አጣሪ ሾመልን። ትእዛዙ ጠባችንን ያበረደ ስለነበር አክብረን ተቀበልን፤ ቁልፉንም ሰነዱንም አስረከብን። ከዚያ ወዲህ የደረሰብን በደል የሚከተለው ነው።

1ኛ. አጣሪው ሪፖርታቸውን በሰኔ 2014 ዓ.ም. እንዲያቀርቡ ታዘው እስከ ዛሬ አላቀረቡም። በየቀጠሮው «የይዞታ ማስረጃ አልደረሰኝም» ይላሉ፤ ማስረጃውን የጠየቁበት ደብዳቤ ግን ከመዝገቡ ጋር አልተያያዘም።

2ኛ. ከመጋቢት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለቱን ሱቆች ኪራይ የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው። ሂሳቡን አላሳዩንም። ለእናታችን መድኃኒት መግዣ ስንጠይቅም «ውርሱ ሳይጣራ ምንም አይወጣም» ተባልን።

3ኛ. ዕዳ መክፈል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 956 ከአጣሪ ተግባራት አንዱ ነው። ኪራዩ በእጃቸው እያለ የአባታችን የባንክ ብድር ሳይከፈል ወለዱ ተቆለለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ባንኩ መኖሪያ ቤቱን በሐራጅ እንደሚሸጥ አስጠነቀቀን። ተበድረን ውዝፉን ከፍለን ሐራጁን አስቆምን።

4ኛ. በጋብቻ ከተፈራው የጋራ ሀብት ግማሹ የእናታችን ነው፤ ውርስ የሚባለው የአባታችን ግማሽ ብቻ ነው። አጣሪው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሳዩን ረቂቅ ዝርዝር ግን ሁሉንም የውርስ ሀብት አድርገው መዝግበውታል። እናታችን በገዛ ቤታቸው ባለመብት ያልሆኑ መስለው ይታያሉ።

የተከበረው ችሎት እንደሚያውቀው፣ ውርስ በኑዛዜ በተሰየመ ሰው፣ በወራሾች ወይም ፍርድ ቤት በሚሾመው አጣሪ ሊጣራ ይችላል። አባታችን ኑዛዜ አልተዉም። ኑዛዜ በሌለበት ደግሞ ቁጥር 947 የአጣሪነትን ሥልጣን ለወራሾች ይሰጣል። የውጭ አጣሪ ያስፈለገው በጠባችን ምክንያት ነበር። እኛም በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሽማግሌዎች ፊት ታርቀን ሁላችንም የፈረምንበትን ስምምነት ከዚህ ጋር አያይዘናል፤ ውጭ አገር ያለችው እህታችንም በኤምባሲ በኩል ውክልና ልካለች። ከእንግዲህ ለአጣሪ የሚከፈለው አበል ድርሻችንን ከማሳነስ በቀር የሚያስገኝልን ጥቅም የለም።

ስለዚህ በትሕትና የምንጠይቀው፦

ሀ. አጣሪው የሰበሰቡትን ኪራይ ሂሳብ ከነደረሰኙ አቅርበው ገንዘቡን እንዲያስረክቡ፤

ለ. ከኃላፊነታቸው ተነሥተው እኛ ወራሾች በጋራ እንድናጣራ፣ አስቀድመንም የባንኩን ዕዳ እንድንከፍል፤

ሐ. የእናታችን ድርሻ ከውርሱ ተለይቶ እንዲመዘገብ፤

መ. ችሎቱ አሁንም ገለልተኛ ሰው ያስፈልጋል ካለ፣ ሌላ አጣሪ ተሾሞ ሥራውን የሚጨርስበት ቁርጥ ቀን እንዲወሰንልን ነው።

ያቀረብነው አቤቱታ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እናረጋግጣለን።

አመልካቾች