የፈንድሻ በቆሎ አደራረቅ

ፈንድሻ ለምን ይፈነዳል? በፍሬው ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ። ምጣድ ላይ ሲግል ውሃው እንፋሎት ይሆናል። ጠንካራው ቅርፊት አፍኖ ይይዘዋል። እንፋሎቱ ሲበረታ ፍሬው ጧ ይላል።

በ100 ኪሎ ፍሬ ውስጥ 14 ኪሎ ያህል ውሃ ሲኖር ልኩ ነው። እርጥቡ ጎተራ ውስጥ ይሻግታል፤ የሻገተ እህል ሰውንም ከብትንም ያሳምማል። ከልክ በላይ የደረቀው ደግሞ ሳይፈነዳ ቆሎ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ እንዴት እናድርቀው? እሳት ዳር አናድርገው፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ እንፋሎቱ ያመልጣል። በቆሎውን ሸልቅቀን ቆጥ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ እናስጣው። በየሳምንቱ ጥቂት ፍሬ ቆልተን እንሞክር። አብዛኛው ሲፈነዳ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ፈልፍለን እርጥበት በማያስገባ ዕቃ እንክተተው።

ፈንድሻ የቡና ቁርስ ነው። ገዢዋ እንግዳ ፊት ካልፈነዳላት፣ በሚቀጥለው ገበያ ወደኛ አትመጣም።